የሸማኔው ሚስትና የከተማዋ እህቷ

ተረት ተረት!

«የጥጃ በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ትናንት እማማ ሸጊቱ ቤት ስትጮኹ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። እሷ ስትጠራችሁ ጣራ እስኪነሳ፣ እኔ ስጠራችሁ እንደ ታማሚ። አልቀናሁም! ማን ቀና አለ? ብቻ እሷ የምታወራላችሁ የጅብና የጦጣ ነው። የእኔ የሰው ነው። በሉ እንደገና። ተረት ተረት!

«የጥጃ በረት!»

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ እግርሽን ሰብስቢ።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር፣ ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ የሻረግ ትባላለች። ታናሺቱ ትብለጥ ትባላለች። ደጃቸው ፊት ለፊት ነው። የሻረግ ቸኮል የሚባል ገበሬ አገባች። ትብለጥ ገድሉ የሚባል ሸማኔ አገባች። ሁለቱም ባሎች ደጎች ናቸው። በሁለቱም ቤት እህል አለ። ትብለጥ ግን አንድ በሽታ ነበረባት። ቅናት ነው በሽታው። የሻረግ ሹሩባ ተሠራች ሲባል ትብለጥ ራሷን ያማታል። የየሻረግ ላም ወለደች ሲባል ትብለጥ እህል አይወርድላትም። «ለምን እሷ? ለምን እኔ አልሆንም?» ትላለች።

የሻረግስ? እሷም ያው ናት። አንድ እናት ናት የወለደቻቸው፣ አንድ ጡት ነው የጠቡት። ብቻ እሷ ትደብቀዋለች። የተደበቀ ቅናት ደግሞ የባሰ ነው። ውስጥ ውስጡን ይበላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ክረምቱ በረታና ተራራው ተናደ። ሰው አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን። ማሳው ግን በድንጋይ ተቀበረ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ፦ «ልጆች፣ ይህ መሬት ከእንግዲህ አያበላንም። ሁላችሁም የምትኖሩበትን አገር ፈልጉ» አሉ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ወደ እንኮይ በር ይወስዳል። እንኮይ በር ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ወንዝ። እዚያ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ከተማው በሙሉ «ይማርህ» ይላል። ሌላው መንገድ ወደ ጉልላት ይወስዳል። ጉልላት ታላቅ ከተማ ነው። ገበያው በየቀኑ ይቆማል። ዕቃው ታይቶ አያልቅም። ሰው ሰውን እየገፋ ነው የሚያልፍ። ማን ገፋኝ ብለህ ስትዞር ሌላው ይገፋሃል።

ገድሉ ሚስቱን አማከራት ፦ «እንኮይ በር ሸማኔ የለም። ሴቶቹ የፈተሉት ልቃቂት ሙዳይ ውስጥ ተቀምጦ ብል ይበላዋል አሉ። ጉልላት ግን ሸማኔ በየደጁ ነው። እንኮይ በር ብንሄድ ይሻለናል።»

ትብለጥ ፦ «የሻረግ ወዴት ልትሄድ ነው?» አለች።

ገድሉ ፦ «እኔ ስለ እኛ ነው የምነግርሽ።»

ትብለጥ ፦ «እኔም ስለ እኛ ነው የምጠይቅህ። የሻረግ ወዴት ልትሄድ ነው?»

በማዶው ቤትም የሻረግ ቸኮልን ይዛዋለች ፦ «ትብለጥ ወዴት ልትሄድ ነው?»

የመሄጃው ቀን ደረሰና ሁለቱም ቤት አህያቸውን ጭነው ወጡ። መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ እህትማማቾች ቁጭ አሉ። ታናሺቱ ፦ «ቅደሚ እንጂ እትዬ» አለች። ታላቂቱ ፦ «ኧረ አንቺ ቅደሚ እህት ዓለም» አለች። እያንዳንዷ የሌላይቱን ምርጫ አይታ ከዚያ የሚበልጠውን ልትይዝ ነው። ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ፀሐይ ዘቀዘቀች። አህዮቹ ከነጭነታቸው ተኙ። በመጨረሻ ቸኮል ሰለቸውና አህያውን በዱላ አንዴ አቀመሰው። አህያው ተነሣና የጉልላትን መንገድ ይዞ እብስ አለ። ቸኮልም ተከተለው። እንግዲህ ለየሻረግ ከተማ የመረጠላት አህያ ነው ማለት ነው! እሷ ግን ዞር ብላ ፦ «እኛማ ድሮም ያሰብነው ጉልላት ነበር!» አለች።

ትብለጥ ይህን ስትሰማ አንጀቷ እርር አለ። «እኛም ጉልላት!» ብላ ተነሣች። ገድሉ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛ ሰው አንዴ ከተናገረ አይመለስም። «እንኮይ በር» አለና ሄደ። እያለቀሰች ተከተለችው።

እንኮይ በር ሲደርሱ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። ወንዶቹ ደቦ ወጡና ጎጆ ቀለሱላቸው። ሴቶቹ ገንፎ ይዘው መጡ። በማግስቱም ልቃቂታቸውን በየሙዳያቸው ይዘው መጡ። ገድሉ ለእግሩ ጉድጓድ ቆፈረና ድሩን ዘረጋ። ከዚያም ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ሲወረውር ይውላል። የገድሉን ሸማ የለበሰ ሰው ገበያ መሀል ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን የእንኮይ በር ሴቶች ተማከሩ። «የማርያም መጋረጃ አርጅቷል። ሁላችን እንፍተልና አዲስ እናሠራ» አሉ። ሙሽራዋም ፈተለች፣ ባሏ የሞተባትም ፈተለች። ዓይናቸው የጠፋው እማሆይ ጥሩዬ እንኳ በዳሰሳ ፈተሉ። ያንን ሁሉ ፈትል ለገድሉ አስረከቡት። እማሆይ ጥሩዬም ፦ «ልጄ፣ ይህ መጋረጃ በንግሡ ዕለት ሲሰቀል እንግድነታችሁ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የአገር ልጆች ናችሁ» አሉት። ገድሉ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ትብለጥ ግን አልሰማችም። ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነበር።

ጆሮዋ የነበረው ልመንህ ዘንድ ነው። ልመንህ የጨው ነጋዴ ነው። ከጉልላት እንኮይ በር፣ ከእንኮይ በር ጉልላት ይመላለሳል። አብሮት ወሬ ይጭናል። በሚጭነው ወሬ ላይም ጨው ይነሰንስበታል።

ትብለጥ ፦ «እህቴ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው።

ልመንህ ፦ «የሻረግማ! ቤቷ አጠገብ የድንጋይ ግንብ፣ ደጇ ላይ ዘበኛ! ሰላምታ ለመስጠት እንኳ ፈራሁ።»

የትብለጥ እንዝርት ከእጇ ወደቀ። ቶሎ ብላ አነሣችና ፦ «ደስ ይላል። ስትመለስ ንገራት። የእኛ ቤት ሁለት በር አለው በላት። በአንዱ ገብተን በሌላው እንወጣለን። የከተማው ሰው እኛን ሳይጠራ እህል አይቀምስም በላት» አለች።

ልመንህ ሄደ፣ ነገረ፣ ተመለሰ። «እህትሽ ሁለት በር የሚለውን ስትሰማ ሳቀች። እሷ እንደሆነ ከባለጸጋ ቤት ሌላ አትውልም አሉ» አላት። ትብለጥም ሌላ ጨመረች። እሱም ሌላ አመጣ። ጎረቤት ደጇ መጥቶ «እንደምን አደርሽ» ሲላት አትሰማም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቅናት እንዲህ ናት ልጆቼ። የራስሽን እንጀራ እየቆረስሽ የሰው ወጥ ይሸትሻል። አውቀዋለሁ። ከየት ታውቂዋለሽ አትበሉኝ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ከዚያም ትብለጥ ባሏን ወጥራ ያዘችው ፦ «ጉልላት እንሂድ። እህቴ በግንብ ስትኖር እኔ እዚህ ዶሮ ስጠብቅ ልሙት?»

ገድሉ ፦ «ሸማኔ የሰው ድር ዘርግቶ አገር አይለቅም። ነውር ነው። መጀመሪያ መጋረጃው ተሠርቶ ይውረድ።»

ትብለጥ ፦ «መቼ ነው የሚወርደው?»

ገድሉ ፦ «እኩሌታው አልቋል። ለንግሡ ይደርሳል። ያኔ ያልሽው ይሆናል።»

ያኔ! ቅናት «ያኔ» የሚባል ነገር አታውቅም። ትብለጥ ቁጭ ብላ ድሩን አየችው። «ይህ ድር ነው ያሰረን» አለች በልቧ። አንድ ቀን ጠዋት ገድሉ ማግ ሊያጥብ ወንዝ ወረደ። እሷ ካራ አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው። የእህቷ ግንብ ታያትና እንደገና አነሣችው። ከዚያም ድሩን ከዳር እስከ ዳር ቆረጠችው። የሙሽራዋ ፈትል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ፈትል፣ የእማሆይ ጥሩዬ ፈትል፣ ሁሉም ተበጥሶ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ።

ገድሉ ሲመለስ አየ። ማጉ ከእጁ ወደቀ። «ምን አደረግሽ?» አላት። «እንሂድ ስልህ እምቢ አልከኝ» አለችው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። አልጮኸም፣ አልመታትም። «የማርያምን መጋረጃ! አሁን እነዚያን ሴቶች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለ። በመጨረሻም የተቆረጠውን ሸማና የቀረውን ድር ሰብስቦ ስልቻ ውስጥ ከተተው። «ጉልላት ደርሼ እቀጥለዋለሁ። ለንግሡ በልመንህ እልከዋለሁ» አለ። ራሱን ሲያታልል ነው እንጂ ሽሽት መሆኑን እሱም ያውቀዋል።

ሰው ሁሉ ማሳ ሲወጣ ጠብቀው አህያቸውን ጫኑ። ገድሉ ፦ «ወፍጮውን ተይው፣ አህያውን ይገድለዋል» አላት። እሷ ግን ፦ «ወፍጮ እንኳ የላትም ብላ የሻረግ ትሳቅብኝ?» አለችና ከነመጁ አስጫነችው። ሄዱ።

በጉልላትና በእንኮይ በር መካከል ሌላ ወንዝ አለ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ከማዶ አንዲት ሴት አህያ እየነዳች መጣች። ባሏ ከኋላዋ ነው። ትብለጥ ዓይኗን አሸችና አየች። የሻረግ ናት! እነ የሻረግ ተሻገሩ፣ እህትማማቾቹም ተቃቀፉ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ ደግመው ተሳሳሙ። እየተሳሳሙ ግን አንዷ በሌላይቱ ትከሻ ላይ አሻግራ ጭነቱን ታያለች።

ትብለጥ ፦ «እትዬ፣ ወዴት ነው?»

የሻረግ ፦ «አንቺን ልጠይቅ እየመጣሁ ነዋ! አንቺስ?»

ትብለጥ ፦ «እኔም አንቺን ልጠይቅ።»

የሻረግ ፦ «ደግ፣ ደግ።»

አህዮቹ አቃሰቱ።

የሻረግ ፦ «እህት ዓለም፣ ወፍጮ ጭነሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

ትብለጥ ፦ «አንቺስ እትዬ? ያ ከምንጣፉ ሥር ያበጠው ወፍጮ አይደለም?»

ልጆቼ፣ ወፍጮ ጭኖ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወፍጮ የሚጫነው ቤት ሲለቀቅ ነው። ሁለቱም አወቁ። የሻረግ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለችና አለቀሰች። «ሁለቱ በርሽ እንቅልፍ ነሳኝ!» አለች። «ጉልላት ክፉ አልነበረም። ቸኮል የአንድ ባለጸጋ በቅሎዎች ጠባቂ ሆኖ ነበር። ጎረቤቶቼም ሰላም ሊሉኝ ጀምረው ነበር። እኔ ግን እህቴ እንዲህ ሆነች፣ እህቴ እንዲያ ሆነች እያልኩ ተንገበገብኩ። አንድ ቀን ጎረቤቶቼን ሰብስቤ፣ እናንተም ሰው ተብላችሁ፣ ሰውማ እህቴ አገር ነው ያለው ብዬ ሰደብኳቸው። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልኑር? ወጣሁ።»

ትብለጥ ፦ «ግንቡስ? ዘበኛውስ?»

የሻረግ ፦ «የባለጸጋው ነው። የእኔ ጎጆ ግንቡን ተደግፋ ነው የቆመችው። ዘበኛው እኔን ሲያይ ያባርረኛል። ሁለቱ በርሽስ?»

ትብለጥ ፦ «በሩ አንድ ነው። ሁለተኛውን ፍየሏ ናት ግድግዳውን በስታ ያወጣችው።»

ቸኮል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገድሉ ግን አልሳቀም። ስልቻውን ከአህያው ላይ አወረደና ትከሻው ላይ አደረገው። «እኔ እመለሳለሁ» አለ። «የሰው ፈትል ይዤ ይህን ውሃ አልሻገርም። ይግደሉኝ፣ ያባርሩኝ፣ እጃቸው ላይ ነኝ። ትብለጥ፣ አንቺ እንደ ልብሽ። ጉልላት ያውልሽ፣ እንኮይ በርም ያውልሽ።» ይህን ብሎ ሄደ።

ትብለጥ «የሻረግ ወዴት» ልትል አፏን ከፈተች። የሻረግ እዚያው ድንጋይ ላይ ናት፣ የትም አትሄድም። ከእሷ የሚቀዳ ምርጫ አልነበረም። ትብለጥ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አሰበች። ያቺ ገንፎ ይዛ የመጣች ሙሽራ ትዝ አለቻት። በዳሰሳ የፈተሉት እማሆይ ትዝ አሏት። ፈራች፣ አፈረችም። ከዚያም አህያዋን አዞረችና ባሏን ተከተለች። የሻረግ ደግሞ ከነባሏ እሷን ተከተለች።

እንኮይ በር ሲደርሱ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስበው አገኟቸው። ጎጆው ባዶ መሆኑን ሰምተዋል። አንዷ ፦ «ሌቦች! የማርያምን ፈትል ይዘው ጠፉ!» አለች። ሌላዋ ፦ «እንግዳ ማመን ይኸው ነው!» አለች። ገድሉ ስልቻውን ፈታና የተቆረጠውን ሸማ መሬት ላይ ዘረጋው። ሊናገር ሲል ትብለጥ ከፊቱ ቆመች።

«እሱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ቀንቼ ነው። በእህቴ ቀንቼ ነው።»

እማሆይ ጥሩዬ ከተቀመጡበት ራሳቸውን ቀና አደረጉና ፦ «ይቺ የተቀናባት እህት የታለች?» አሉ። የሻረግን ወደፊት ገፏት። እማሆይ እጇን ያዙ። የሰው በቅሎ ፋንድያ ሲዝቅ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም የከረመ እጅ ነው። ተሰነጣጥቋል። መዳፉን ዳበሱ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። ከዚያም ፦ «በዚህ እጅ ነው የቀናሽው ልጄ?» አሉ።

አንዷ ሴት ሳቋ አፈተለካት። ሌላዋም ተከተለች። ቅጥሩ በሳቅ ሞላ። ትብለጥ አልሳቀችም። የእህቷን እጅ ቀረብ ብላ አየች። ልጅ ሳሉ ሹሩባ የሚሠራላት ይህ እጅ ነበር። «እትዬ፣ ምነው እጅሽ እንዲህ ሆነ?» አለችና አለቀሰች።

እማሆይ ጥሩዬ ፈረዱ ፦ «እኛ ፈትለናል፣ ሸማኔው ሠርቷል። ድሩን የበጠሰች እጅ ትቋጥረው። የተቀናባትም አብራ ትቋጥር። ለንግሡ ከደረሰ ቆይታችሁ ኑሩ። ካልደረሰ ግን መንገዱ ያውላችሁ።»

ተቀመጡ። ገድሉ አንዱን ጫፍ ከሌላው ጫፍ እንዴት እንደሚያገናኙ አሳያቸው። የድሩ ብዛት የራስ ጸጉር ነው። ሴቶቹ በሶ በጥብጠው ያጠጧቸዋል፣ እያለፉም ያዩአቸዋል። መጀመሪያ ሥራው አልገፋም። ከዚያ የሻረግ ፦ «ያንቺ ቋጠሮ ወፍሯል» አለች። ትብለጥ ፦ «ያንቺ ደግሞ ይላላል» አለች። «እኔ እዚህ ደርሻለሁ።» «እኔማ አልፌሻለሁ።» ይኸው ተጀመረ! አንዷ ውሃ ልትጠጣ ስትነሣ ሌላዋ ትፈጥናለች። አንዷ ስታዛጋ ሌላዋ ደስ ይላታል። በዚህ ዓይነት ከንግሡ ቀድመው ጨረሱት። ገድሉም የቀረውን ሠርቶ አወረደው፣ መጋረጃው ተሰቀለ። ትብለጥ እልልታውን ልታቀልጥ ስትል የሻረግ ቀደመቻት። ትብለጥ ተናደደች።

ትንሹ ከተማ ይሻላል ወይስ ትልቁ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ምን አውቄ! ጉልላትም ደግ ሰው ነበረው፣ የሻረግ ሰድባው ወጣች እንጂ። ለየሻረግ እንኮይ በር ጎጆ ተቀለሰላት። የት ተቀለሰ? ከትብለጥ ደጅ ፊት ለፊት ነዋ! ዕድሜ ልካቸውን ተያይተው ኖሩ። የአንዷ ዶሮ እንቁላል ስትጥል የሌላይቱ እንጀራ ያርርባታል። የአንዷ ልጅ ስትዳር ሌላዋ ሁለት ድግስ ትደግሳለች። አንዷ ስትታመም ግን ሌላዋ ከራስጌዋ አትነሣም።

አርጅተው፣ ልጅ የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ የሻረግ ቀድማ ሞተች። እንኮይ በር በሙሉ ለቅሶ ወጣ። ትብለጥ በምርኩዝ ተነሣችና መሀል ገባች። ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች ፦

«ሁሌም ቀዳሚ ነሽ፣ አንቺ መቼ ቀርተሽ፣
እዚያም ደህናውን ቤት ልትይዢ ሄደሽ?
በማን ልቅና እንግዲህ በርሽ ተዘግቶ፣
እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ከወዴት መጥቶ?»

ሰው ሳቅ ሊለው ሲል እንባ ቀደመው። ከዚያ ቀን ወዲያ ትብለጥ በማንም ቀንታ አታውቅም። ጎረቤቷ ጥበብ ለበሰች ሲሏት «ይመርባት» ትላለች። ዶሮሽን ጭልፊት ወሰደው ሲሏት «ይብላ» ትላለች። ሰዎች «ተመስገን፣ ትብለጥ ዳነች» አሉ።

አልዳነችም ልጆቼ። የምትቀናባት ሞተችባት እንጂ።

በሉ፣ ተረቴ ወጥቶ ሄደ፣ አፌ ባዶውን ቀረ። ዳቦ ያለው ዳቦ፣ ቆሎ ያለው ቆሎ እያመጣ ያጉርሰኝ!